ዘጠኙ እጅ የት ገባ

ሆዶ በር ላይ ቆማ ለግመል ወተት ሻጯ ለማርዎ ስታወራ የተሰማው እንዲህ ነው፦ «ያቺ የሐበሻዋ ፍየል ወተት ነጥፏት አይደለም። ባለቤቷ ሳትነሳ ሌላ ሰው እያለባት ነው።»

ዓለምነሽ ይህን ስትሰማ ከግንቡ ወዲህ የልጅ ልጇን የዳግማዊትን ቀሚስ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። መቆንጠጫውን ጥርሷ ላይ ነከስ አድርጋ ጆሮዋን ወደ ግንቡ ሰጠች። ዓለምነሽ ማለት እኮ ወሬ ካገኘች ምሳዋን የምትረሳ ሴት ናት። በሀርጌሳው ጅግጅጋ ያር ሰፈር ውስጥ ማን ማንን እንዳጨ፣ ማን ከማን ቤት እንደሚበላ፣ የማን ባል ስንት ሰዓት ላይ ሹልክ ብሎ እንደሚገባ የሚጠየቀው እሷ ናት። የዛን ቀን ግን ወሬው የራሷ ሆነና አልጣፈጣትም።

ሆዶ የግቢው ባለቤት ናት። በሀርጌሳው ጦርነት ጊዜ ሸሽታ ኢትዮጵያ፣ ጅግጅጋ ስለኖረች አማርኛውን ታቀላጥፈዋለች። ሰው የምታማው ግን በሱማልኛ ነው። ለሆዶ፣ ዓለምነሽ ሀርጌሳ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ዛሬም ሱማልኛ የማትሰማ ይመስላታል።

«ማን ነው ታዲያ የሚያልባት?» አለች ማርዎ።

«እኔ ምን አውቄ! የዚህ ግቢ ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው እጅ ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ ያቺ ባለ ምግብ ቤቷ ጓደኛዋ ጋ። እኔ ፍየል ማለብ ከተውኩ ሃያ ዓመቴ።»

መቆንጠጫው ከዓለምነሽ አፍ ወደቀ።

ባለ ምግብ ቤቷ ፈዲላ ናት። ሁለቱ የተዋወቁት ወደ ድንበር ሲመጡ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ነው። አንዷ ማርያምን ስትጠራ፣ ሌላዋ ቢስሚላህ ስትል፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ተካፍለው ሀርጌሳ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያልተካፈሉት ነገር ቢኖር ባል ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቱም ስለሌላቸው ነው።

ፍየሏ ወለላ ትባላለች። አምና ዳግማዊት ኩፍኝ ይዟት ተነሳች፣ ግን አጥንቷ ብቻ ቀረ። እናቷ በርበራ ሰው ቤት ትሠራለች፤ በወር አንድ ቀን ነው የምትመጣው። የጤና ጣቢያዋ ሴትዮ ክንዷን የልጅ ክሳት በሚለካባት ባለቀለም ገመድ ለካችና «ወተት፣ ወተት፣ ወተት» አለች። የግመሉ ሆዷን ነፋው። ዓለምነሽ ያላትን አራግፋ ወለላን ገዛች።

የምትበላውንስ? ሀርጌሳ ላይ ሣር የት ይገኛል? የሰፈሩ ፍየል ካርቶን ሲያኝክ ነው የሚውለው። ያኔ ፈዲላ «የኔ ትርፍራፊ ምን ይሠራል?» አለች። በየቀኑ አንድ ባልዲ ይሞላል፤ ደንበኛ ያስተረፈው ሩዝ፣ ባስታ፣ ላሆህ የሚሉት የሱማሌ እንጀራ ቁራሽ፣ ሱማሌው ከሩዝ ጋር የሚበላው የሙዝ ልጣጭ። ባልዲው ለወለላ፣ የጠዋቱ ወተት ለዳግማዊት፣ የማታው ለፈዲላ ሻይ። እንዲህ ሆነና ልጅቷ ጉንጭ አወጣች፤ ክንዷም በገመዷ ላይ ከቀዩ ወጥቶ ቢጫው ጋ ደረሰ።

ከግንቦት ወዲህ ግን ወለላ ትመነምን ጀመር። ሁለት ኩባያ ሞልቶ ይተርፍ የነበረው ወተት አንድ ሆነ፣ ከአንድም ግማሽ ሆነ። ጥር ላይ የወለደች ፍየል ናት፤ ገና መድረቂያዋ አልነበረም። ዳግማዊት ኩባያውን ትገለብጥና ታችኛውን ታየዋለች። «እማዬ፣ ወለላ ተቆጣች እንዴ?» ትላለች። ክንዷም ተመልሶ ወደ ቀዩ ማዝገም ያዘ።

ባልዲውን የሚያመጣው ባንተአምላክ ነው። ባንተአምላክ አገር ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበር። እዚህ ልስን ይለስናል። በመጣ ጊዜ ማደሪያ አጥቶ ዓለምነሽ ቤት ወር ሙሉ ወለል ላይ ተኝቷል፤ ካልሲውን ሳይቀር አጥባለታለች። አሁን 26 ጁን ሰፈር ክፍል ተከራይቷል። ከሥራ አሥር ሰዓት ሲወጣ በፈዲላ ምግብ ቤት ያልፋል፣ ባልዲውን ያነሳል፣ ለዓለምነሽ ያደርሳል፣ ዳግማዊትን ፊደል ያስቆጥራታል፣ ከዚያ ሚኒባሱን ይሳፈራል። «እማማ» ነው የሚላት። እሷም ሰው ፊት «መምህሬ» ትለዋለች፤ የተማረ ሰው ቤቷ መግባቱ ያኮራት ነበር።

እና የሆዶን ወሬ የሰማች ዕለት የጠየቀችው እሱን ነው።

«መምህሬ፣ ፍየሏ ትበላለች፤ ወተቱ የት ገባ?»

ባንተአምላክ ሲሚንቶ የደረቀበትን እጁን አራገፈና ክፍል ውስጥ እንደገባ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጉልበት ሁሉ ከፀሐይ ነው የሚመጣው። ፀሐይዋን ሩዙ ይበላታል። ሩዙን ወለላ ትበላዋለች። ወለላን፣ ማለት ወተቷን፣ ዳግማዊት ትጠጣዋለች። ሰንሰለት ነው።»

«የት አገር ፀሐይ ነው? ሩዙ እኮ በመርከብ በርበራ የመጣ ነው።»

«የፓኪስታን ፀሐይ ይሁን» ብሎ ሳቀ። «ዋናው ነገር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሁሉም አያልፍም። ወለላ አሥር እጅ ብትበላ፣ አንዷ እጅ ናት ዳግማዊት ጋ የምትደርሰው።»

«ዘጠኙስ?»

«ትተነፍስበታለች፣ ትዘልበታለች፣ ትጮህበታለች፣ የቀረውን በጠጥ አድርጋ ትጥለዋለች። የተቃጠለው ሙቀት ሆኖ አየር ላይ ይጠፋል። ማንም አልወሰደውም። ይጠፋል በቃ።»

ዓለምነሽ ወለላን አየቻት። እውነት ነው፣ ሆዷን ስትነካት ትሞቃለች። ለካ የዳግማዊት ወተት ነው እንዲህ የሚያሞቃት! ያልተማረ ሰው ስንት ነገር ያመልጠዋል አለች በሆዷ።

«ባልዲውም ግን እንደ ድሮው አይደለም» አለችው። «ገረባና የሎሚ ቅርፊት ነው የሚበዛው። ሩዝ ካየሁ ቆየሁ።» ገረባ የምትለው ጫት የቃሙ ሰዎች የጣሉትን እንጨቱንና ደረቅ ቅጠሉን ነው።

ባንተአምላክ ወደ ባልዲው ጎንበስ ብሎ አየና ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲህ ሰው ይለወጣል እማማ። እትዬ ፈዲላ ሥራቸው ሞቅ ብሏል፤ ምናልባት ሩዙን የሚሰጡት ሌላ ሰው አግኝተው ይሆናል። እኔ የሰጡኝን ነው የማመጣው። ደግሞ በሳይንሱ ከሄድን መሃል ላይ ፍየል ማስገባቱ ራሱ ብክነት ነው። እህሉን ዳግማዊት ቀጥታ ብትበላው ዘጠኙ አይባክንም። የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ወለላን ይሽጧት፤ ገዢ እኔ አመጣለሁ። ባልዲውንም አያስቡ፣ እኔ እጥለዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ዓለምነሽ ጭንቅላት ውስጥ የሆዶ ቁልፍና የመምህሩ ባልዲ ተጋጠሙ። ፈዲላ ሩዙን ለሌላ ትሰጣለች፤ ያም አልበቃ ብሏት ገና ሳይነጋ እየገባች ፍየሏን ታልባለች።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከውሃው ሮቶ ኋላ ጋቢዋን ተከናንባ ቁጢጥ አለች። ፈዲላ የሱብሂ ሶላቷን ሰግዳ እንደ ልማዷ በሩን ከፍታ ገባች፤ ቁልፉን ሆዶ የሰጠቻት ውሃ እንድትቀዳ ነው። ጀሪካኗን ሞላች፣ ወለላን ግንባሯ ላይ እከክ እከክ አደረገቻትና ወጣች። ጡቷን አልነካችም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄ ይበቃው ነበር። ዓለምነሽ ግን «ዛሬ ጠረኔ ደርሷት ነው» ብላ ደመደመች።

የማታውን ወተት ለፈዲላ መላክ አቆመች። በአራተኛው ቀን ፈዲላ መንገድ ላይ አገኘቻት።

«ዓለሜ፣ ሻዬ ጠቆረ እኮ! ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«ፍየሏ ደርቃለች።»

«ውይ አላህ! ምን ነካት? ትበላለች?»

«የምትሰጫትን ትበላለች» አለቻትና ጥላት ሄደች። ፈዲላ ጀሪካኗን እንደያዘች መንገዱ መሃል ቀረች። አንድ ሚኒባስ ጥሩንባ ቢነፋባትም አልተንቀሳቀሰችም።

ዓለምነሽ ወሬውን ለማንም አላወራችም። እሷ! ማታ ማታ «ሌላው ሰው ሁሉ ቢክድ፣ ፈዲላ እንዴት?» እያለች ባዶውን ኩባያ ታገላብጣለች።

ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ባንተአምላክ ከሥራ ቀረ። ትኩሳት ይዞታል ተባለ። ዓለምነሽ አልቻለችም፤ ልጄ ያለችው ሰው ነው። አልጫ ምስር ወጥ ሠርታ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ፣ ዳግማዊትን ለሆዶ ሰጥታ ወደ 26 ጁን ሄደች።

የአከራዩ ሚስት ናስተሆ በሩን ከፈተችላት። «መምህሩ? አሁን ለመድኃኒት ወጣ፤ ይመጣል። ኋላ ጥላው ጋ ተቀመጪ» አለቻት።

ኋላ ጥላው ጋ ዶሮዎች ነበሩ። አሥራ አንድ ዶሮ! ምን የመሰሉ ዶሮዎች! ጭናቸው እንደ ሰው ጭን የሞላ፣ ላባቸው ዘይት የተቀባ የሚመስል። ትሪ ከበው ይለቅማሉ። ዓለምነሽ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ለልጇ አለፈለት አለች። ከዚያ ትሪውን አየች።

ቢጫ ሩዝ ነው። ቢጫ ሩዝ እንኳ የትም አለ። ግን ፈዲላ አንድ የራሷ አመል አላት፤ ድስቱን ከማውጣቷ በፊት እፍኝ ሩዝ አረንጓዴ ነክራ ላዩ ላይ ትበትናለች። «ዓይንም ይብላ» ትላለች። ሀርጌሳ ላይ ሌላ ማንም እንዲህ አያደርግም። አንዷ ዶሮ አረንጓዴዋን ፍሬ አንስታ ዋጥ አደረገቻት። ዓለምነሽ ጎንበስ ብላ ሌላ አረንጓዴ ፍሬ ለቀመች፣ በሁለት ጣቷ አሸችው። ጣቷ ላይ ቀለም ቀረ፤ ፍሬውን መቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

ጥጉ ላይ ቀዳዳ የበዛበት የሲሚንቶ ከረጢት ተሰቅሏል፤ ውስጡ የላሆህ ቁራሽና ባስታ ሞልቶበታል። ግድግዳው ጥግ እንቁላል በየትሪው ተደራርቧል።

«ጎበዝ ነው መምህሩ» አለች ናስተሆ፣ ሻይ ይዛ እየመጣች። «ከግንቦት ጀምሮ ነው ያረባቸው። አንድ እንቁላል ግን አፉ አያደርስም፤ ጾም ነው ይላል። ዶሮ ደግሞ ጾም አያውቅ፣ ትጥላለች። በዛበትና ጅግጅጋ ያር ላንዲት ምግብ ቤት ያስረክባል።»

ዓለምነሽ ሻዩን አልጠጣችም። የዶሮዋን ጭን ነበር የምታየው። ዳግማዊት ክንድ ላይ መሆን የነበረበት ሥጋ እዚያ ዶሮ ጭን ላይ ነው። ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሰንሰለት፣ ያ ሁሉ «ይጠፋል በቃ»! አልጠፋም። እዚህ ተቀምጦ ላባ አብቅሏል። ይህ ሰው ወለል ላይ ተኝቶ ሲያስል ጋቢዋን ያለበሰችው ሰው ነው። ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ሀ ሁ» ሲያስብላት ክንዷ በእጁ ውስጥ ነበር፤ ሲቀጥን ያውቅ ነበር።

ናስተሆን «መምጣቴን አትንገሪው» ብላ ድስቷን አንስታ ወጣች። ምስሩን ወለላ ናት የበላችው።

ከዚያ ወደ ፈዲላ ምግብ ቤት ሄደች። በር ላይ ቆመች፤ መግባት አፈረች። ፈዲላ ከድስቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ቆመሻል? ግቢ እንጂ።»

«ፈዲላዬ፣ ጠርጥሬሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። ከሮቶው ኋላ ቁጢጥ ብለሽ አይቼሻለሁ።»

«አይተሽኝ ነበር?»

«ወላሂ አይቼሻለሁ። መጀመሪያ ሽንት ይዟት ነው ብዬ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ጥለሽኝ ስትሄጂ ነው የገባኝ። በቁልፌ ጠረጠርሽኝ፣ አይደል?»

«በቁልፍሽ» አለች ዓለምነሽ፣ እንባዋ መጣ። «በባልዲሽም።»

«ባልዲዬ ምን ሆነ? አፉ ድረስ ሞልቼ ነው የምሰጠው!»

ዓለምነሽ ሁሉንም ነገረቻት። ዶሮዎቹን፣ ትሪውን፣ አረንጓዴውን ሩዝ። ጣቷን አሳየቻት። ፈዲላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከመደርደሪያው አንድ እንቁላል አንስታ መዳፏ ላይ አገላበጠችው።

«ሱብሃነላህ» አለች። «ይሄን ከሱ ነው የምገዛው። የገቢሌይ ገበሬ ነው የሚያመጣልኝ ብሎኝ።» እንቁላሉን መልሳ አስቀመጠችው።

ጾሙ የተፈታ ዕለት፣ ሐምሌ አምስት፣ ከሰዓት በኋላ ባንተአምላክ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። በፌስታል ደርዘን እንቁላል ይዟል። ግቢው ውስጥ ሆዶ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላለች፣ ማርዎ ጎኗ ናት፣ ፈዲላ ወለላ የታሰረችበት ግንድ አጠገብ ተቀምጣለች። ዳግማዊት ከፍየሏ ጋር ትታገላለች።

«እንኳን አደረሰዎት እማማ! ለፍስኩ ብዬ ነው» ብሎ ፌስታሉን ዘረጋላት። «የወለላ ገዢም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል።»

ዓለምነሽ ፌስታሉን አልተቀበለችም። «ተቀመጥ መምህሬ» አለችው። «ያንን ትምህርት ለነዚህም ንገራቸው። እኔ ሳወራው ይምታታብኛል። ያ ዘጠኝ እጅ የሚጠፋው።»

ባንተአምላክ ደስ አለው፤ ማስተማር ይወድ ነበር። ከፀሐይ ጀመረ። ሩዙን ጠራ፣ ፍየሏን ጠራ፣ ዳግማዊትን በጣቱ አሳየ። ሆዶ ተነስታ ተቀመጠች። «ወላሂ ይሄ ትምህርት ነው» አለች።

«እና ዘጠኙን ማንም አልወሰደውም?» አለች ዓለምነሽ።

«ማንም። ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።»

ዓለምነሽ ከመቀነቷ ጫፍ አንዲት አረንጓዴ የሩዝ ፍሬ ፈትታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና ዘረጋችለት።

«ትኩሳት ይዞሃል ብለውኝ ምስር ይዤ መጥቼ ነበር። ትሪህ ላይ ነው ያገኘኋት።»

የባንተአምላክ ፊት እንደ ለሰነው ግድግዳ ሆነ። ማርዎ ወደ ሆዶ ተጠጋች። ዳግማዊት እንቁላሎቹን በፌስታሉ ላይ ትቆጥር ጀመር፤ ቁጥር ያስተማራት እሱ ነው።

«እማማ፣ ይስሙኝ» አለ። «ትርፍራፊ እኮ ነው። የተጣለ ነገር ነው። እኔም ሰው ነኝ፣ አገሬ መመለሻ እፈልጋለሁ። ደግሞ በሳይንሱ ካየነው ዶሮ ከፍየል ትሻላለች። ትንሽ በልታ ብዙ ትመልሳለች። ዳግማዊትን ልጎዳት አስቤ አይደለም። ወለላ ብትበላውም እኮ አብዛኛው መጥፋቱ አይቀርም ነበር፤ እኔ የወሰድኩት የሚጠፋውን ነው።»

«አምናም ይጠፋ ነበር» አለች ዓለምነሽ። «አምናም ትተነፍስ ነበር፣ አምናም ትዘል ነበር። ግን ልጄ ጠጥታ ታድር ነበር። እኔ እኮ አምኜህ ፈዲላን ጠረጠርኳት። አምኜህ ፍየሌን ልሸጥ ነበር።»

«ሕጉ ግን እማማ…»

ሆዶ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ማርዎም «ኧረ እኔ ነግሬሽ…» ብላ ጀመረች። ሁሉም በአንድ ላይ ሊያወራ ሲነሳ ፈዲላ እጇን አነሳች። አልጮኸችም።

«መምህር» አለች፣ «እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አንድ ነገር ብቻ አስረዳኝ፤ ዘጠኙ ሙቀት ሆኖ ከጠፋ፣ እኔ ሁለት ወር ሙሉ በትሪ በትሪ እየገዛሁ የጠበስኩት ምንድነው? ሙቀት እንቁላል የሚጥለው አንተ ቤት ብቻ ነው?»